በሰባት ፊደል የተለካ ጣውላ

ሠርፀ ወሬውን የሰማው ጨጨብሳውን ሊጨርስ ሁለት ጉርሻ ሲቀረው ነበር። ከጀርባው የተቀመጡ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ከመናኸሪያው በታች ስለተከፈተ አዲስ መጠጥ ቤት ይጫወታሉ። አንደኛው፣ «ባለቤቱ ጤነኛ አይመስለኝም» ይላል። «ትናንት ከቢላ ከተማ የመጣ ሰው አድርሼ፣ አንድ ቢራ ልጋብዝህ አለኝና አብረን ገባን። ሶፋ አለ፣ ምንጣፍ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ሁለት ቢራ አልን። ባለቤቱ ‹ጋሪ ዳ›፣ መልካም ነው ብሎ ወደ ጓዳ ገባና ሁለት ብርጭቆ ወተት ይዞ መጣ። ተሳስተዋል አባቴ ልል ስል ‹ዓይናችሁን ጨፍኑ› አለን። ምን እናድርግ፣ ጨፈንን። ሩብ ሰዓት ሙሉ ጸለየልን።» ጓደኛው «ሂሳቡስ?» ብሎ ጠየቀው። «ሂሳብ የለም። ጭራሽ ሲሸኘን ሙዝ ሰጠን» አለ ያኛው፤ ቁርስ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሠርፀም ሳቀ። እንዲያውም ከሁሉ አብልጦ የሳቀው እሱ ነው፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እያለ፣ ጉልበቱን እየመታ፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሾፌሩ ቀጠለና፣ «ታፔላው ግን ልዩ ነው። በእንጨት የተፈለፈለ፣ ጽዋ ያለበት፣ የወይን ዘለላ ያለበት» ሲል ጉርሻው ሠርፀ ጉሮሮ ላይ ቆመ። ነቀምቴ ውስጥ በመሮ የወይን ዘለላ የሚፈለፍል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በዚያች ሰዓት ውሃ አምጡልኝ ማለት አቅቶት ደረቱን እየደቃ ነበር።

ሠርፀ በመንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ በተደገፈባት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የእንጨት ታፔላ ሲሠራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ዕቃው አንድ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ አራት መሮ፣ አንድ የወይራ መዶሻና ፀጉራቸው የሳሳ ሦስት ብሩሾች ናቸው። ኮምፒውተር ቤቶቹ በፕላስቲክ ላይ በአንድ ሰዓት የሚያወጡትን እሱ ሁለት ቀን ይቀመጥበታል፤ ሲጨርስ ግን ስሙ ከእንጨቱ ጋር የተወለደ ነው የሚመስለው። ልኩን የሚወስደው በሜትር አይደለም። ለአንድ ፊደል አራት ጣት ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ልክ ነው። ስሙን በልቡ ይጠራል፣ ፊደሉን ይቆጥራል፣ ጣቱን ጣውላው ላይ ይደረድራል፣ ይቆርጣል። ለግዕዙ ፊደል ይህ ልክ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። በቁቤ፣ ኦሮምኛው በሚጻፍበት በላቲኑ ፊደል ማለት ነው፣ የሚያሠሩ ደንበኞች ሲመጡ ደግሞ ጽሑፉን በወረቀት ይዘው ስለሚመጡ ከወረቀቱ ላይ ይቆጥራል። የኦቦ ዱጋን ታፔላ ግን ያዘዘው ሰው ስላልነበረ ወረቀትም አልነበረም፤ ሠርፀ ልጁ ለሚወዳት ልጅ አባት የላከው ስጦታ ነው። «መነ ዱጋ ቲክሴ» ብሎ በልቡ ጠራ፤ የዱጋ ቲክሴ ቤት ማለት ነው። ሰባት ፊደል ቆጠረ። አሥራ አንድ ዓመት ለደህና ቀን ያስቀመጣትን የዋንዛ ጣውላ በሃያ ስምንት ጣት ቆረጣት። ልጁ በኃይሉ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «አባዬ፣ እነሱ ቤት እኮ በቁቤ ነው የሚጻፈው» ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ሰባቱ ፊደል በቁቤ አሥራ ስድስት ሆኖ ተገኘ።

ሌላ ጣውላ ቁረጥ ቢባል ሠርፀ የሚሰማ ሰው አይደለም። ዋንዛዋን ተላግታ፣ ለስልሳ፣ እንደ ቆዳ ስታበራ አይቷታል፤ ልቡ አልቆርጥ አለው። በእርሳስ ነደፈና መሮውን ያዘ። መነ የምትለዋን ለምዶበት በሰፊው ለቀቃት። ዱጋ ላይ ሲደርስ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ኤዎች ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ እንደተጨናነቁ ተሳፋሪዎች አስጠጋጋቸው። ቲክሴን ሊጀምር ሲል ከጣውላው የቀረው ስምንት ጣት ነው። «አባዬ፣ አይበቃም» አለው በኃይሉ፤ «ዝም በል። እንጨት እንደ ሰው ነው፣ ሲለምኑት ይሰፋል» አለው። እንጨቱ አልሰፋም። ቲ ከነአይዋ ከዱጋ ጋር ተለጥፋ ቆመች፤ የቀረችው ክሴ ቦታ ስታጣ ታች ጥጉ ላይ፣ ከወይኑ ቅጠሎች መካከል ገብታ በአረንጓዴ ተቀባች። የወይኑን ዘለላና ጽዋውን የጨመረው የወንጌል ሰዎች ናቸው፣ ወይንና ጽዋ ያውቃሉ ብሎ ነው። እንግዲህ በኦሮምኛ ዱጋ እውነት ነው፤ ዱጋቲ ደግሞ መጠጥ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው በታፔላው ላይ በነጭ ቀለም ጎልቶ የሚነበበው «መነ ዱጋቲ» ሆነ፤ መጠጥ ቤት። በትክክል ይጻፍ ከተባለ መጨረሻ ላይ አንዲት ተጨማሪ አይ ትጎድለዋለች፤ ለተጠማ ሰው ግን አንዲት አይ ምኑ ናት።

ይህ ስህተት በሌላ ሰው በር ላይ ቢሆን ሠርፀ ወር ሙሉ ይስቅበት ነበር። ኦቦ ዱጋ ግን ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ የወንጌል ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ በሕይወታቸው ከለስላሳ ያለፈ ጠርሙስ ከፍተው የማያውቁ ሰው ናቸው። በኃይሉ የሚወዳት፣ በአንድ ክሊኒክ አብራው የምትሠራው ኬኔ ደግሞ ልጃቸው ናት። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለት ጊዜ ባዶውን ተመልሷል። በመጀመሪያው «እንጸልይበት» ተባለ። በሁለተኛው የልጅቷ እናት አዴ ዘርፈሽ፣ «የልጁ አባት ብርጭቆ ያነሳል ሲባል ሰምተናል» አሉ። ሠርፀ በወር አንድ ቀን በሚካኤል ማኅበር ከሚቀምሳት ጠላ በቀር የሚያነሳው ብርጭቆ የለም፤ ያቺን አንዷን ቀን ማን አይቶ እንደነገረባቸው ግን እስከ ዛሬ ያብሰለስላል። ሦስተኛው ሽማግሌ የሚገባው ዛሬ ቅዳሜ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በልማዱ ደግሞ ሦስተኛው እንቢታ የመጨረሻ ነው። ታፔላው ማክሰኞ የተላከው ነገር እንዲያለሰልስ ነበር። አሁን ሲታይ ጠጪ ተብሎ የተነቀፈ ሰው የነቃፊዎቹን ቤት መጠጥ ቤት ብሎ ጽፎ ልኳል። ተሳሳተ ብሎ የሚያምነው የለም፤ ተበቀለ ነው የሚባለው።

ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ነው፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ፣ መሃል ላይ ትልቅ ቡፌ አለ፤ ሰው ሲያልፍ ቡፌው ውስጥ ያሉት ሰሃኖች ይንሿሿሉ። ሲገባ ሚስቱ እማዋይሽ የሽማግሌዎቹን አለቃ የጆቴን ኮት ትተኩሳለች። ጆቴ ሥጋ ቤት ያለው የድሮ ወዳጃቸው ነው፤ ታፔላውንም ወስዶ፣ ሚስማሩን መትቶ የሰቀለው እሱ ነው። የተጻፈበትን አላነበበውም፤ ጆቴ የሩቁን እንጂ የቅርቡን አያይም፣ ሚስማር ደግሞ ከሩቅ አይመታም። በኃይሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል። ዛሬ ከቤት ንቅንቅ አይልም፤ ጫማውን ግን ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ቦርሾታል። ቀና ብሎ፣ «አባዬ፣ ምነው አላበህ?» አለ። «ጨጨብሳው በርበሬ በዝቶበት ነው» አለ ሠርፀ። ከዚያች «አይበቃም» ወዲህ በአባትና በልጅ መካከል የሚነገረው ነገር ሁሉ እንዲህ አጭር ሆኗል። ሠርፀ ከጆቴ ኮት የሚወጣውን እንፋሎት እያየ ቆመ። ልጁን ያውቀዋል። ዛሬም እንቢ ቢባል አባቱን በአንዲት ቃል አይወቅስም፤ እንዲሁ ዝም ብሎ ሥራ ይሄዳል፣ ዝም ብሎ ይመለሳል፣ ሰሃኖቹ ብቻ ይንሿሿሉ። የዋንዛ ብናኝ በኮላ ለውሶ በቆርቆሮ ጣሳ ሞላ፣ መሮና መዶሻውን፣ ብሩሹንና ቡናማ ቀለሙን በማዳበሪያ ከረጢት ከተተ። «ገበያ ደርሼ ልምጣ» አለ። እማዋይሽ ከረጢቱን አየችው። «በመሮ ነው የምትገበያየው?» አለች። ሠርፀ ከረጢቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ።

የኦቦ ዱጋ ግቢ በሰማያዊ ቆርቆሮ ታጥሯል፤ ከመናኸሪያው የሚወርደው መንገድ አፍንጫው ሥር ነው የሚያልፈው። ሠርፀ መንገድ ላይ ሲያመነታ ቆይቶ ሲደርስ ስምንት ተኩል ሆኗል። የወንድ ልጅ አባት ነገሩ እሺ እስኪባል ድረስ የልጅቷን ደጅ አይረግጥም፤ ነውር ነው። ስለዚህ የሚካኤልን ነጠላ እስከ ቅንድቡ ተከናንቦ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከከ መጣና ቀና ብሎ ታፔላውን አየ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማው ኩራት ነው። ጽዋው ከንፈር አለው። የወይኑ ፍሬ አንድ አንዱ ተለይቶ ይቆጠራል። ቀጥሎ መነ ዱጋቲ የሚለው ተነበበለትና ኩራቱ ትንሽ ቀነሰ። የሚሠራውን ያውቃል፤ ቲዋን በብናኙ ይደፍናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሻታል፣ በቡናማው ይቀባታል፣ «መነ ዱጋ» ብቻ ይቀራል፤ የእውነት ቤት። እንዲያውም ከመጀመሪያው ይሻላል። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ስቦ ወጣበትና ጣሳውን ከፈተ።

ጣቱን ገና ሳያስገባ አንድ ካፖርት የለበሰ፣ ጭቃ ጫማ ያደረገ ሰውዬ ከታች ቆሞ፣ «ቢራን ጂራ?» አለው። «ሂንጂሩ» አለ ሠርፀ፤ የለም። ሰውዬው ወደ ታፔላው ጠቆመ። «የሰው ስም ነው» አለ ሠርፀ። ሰውዬው ጽሑፉን ደግሞ አነበበ። «ከኡኬ ነው የመጣሁት። እኛ አገር መጠጥ የሚባል ሰው የለም» አለ። «ዱጋ ነው ስሙ፤ ቲ የአባቱ መጀመሪያ ናት» ቢለው፣ «ታዲያ አባቱ የት ሄደ?» አለ። ሠርፀ ቅጠሎቹ ውስጥ የተደበቀችውን ክሴን በመሮው አሳየው። ሰውዬው አንገቱን አስግጎ አነበባት፣ ለአባትየው ያዘነ መሰለ፣ ከዚያ «እስቲ ለማንኛውም ልሞክር» ብሎ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ።

ሰውዬው የከፈተውን በር ተከትለው አዴ ዘርፈሽ ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው ባዶ የወተት ማሰሮ፣ በሌላው መጥረጊያ ይዘዋል። ሠርፀን አዩት። አወቁት። ሊሰጡት ያሰቡትን ሰላምታ ዋጥ አድርገው ፊታቸውን ወደ አጥሩ ጥግ አዞሩ፤ እዚያ አንዲት ነጫጭባ ዶሮ ትጭራለች። «ያ ሉኩ» አሏት ዶሮዋን። «ስሚኝ አንቺ ሉኩ። ማክሰኞ ሦስት መጡ፣ ረቡዕ አምስት መጡ፣ ሐሙስ አንድ መጣ፣ ትናንት ዘጠኝ መጡ። ላሟን የማልባት እኔ ነኝ። ሶፋውን የማጥበው እኔ ነኝ። አንዱ ጭራሽ ወተቱ ይሙቅልኝ አለ። ይህን የሰቀለ ሰው እኛን ለመስደብ ይሁን ለማክበር እግዜር ያውቃል። ግን ሽማግሌ ሳይገባ ያቺ ጽሑፍ ካልጠፋች የእኔ መልስ የታወቀ ነው፤ እንቢ ነው።» ዶሮዋ መጫሯን ቀጠለች። ሠርፀ ግን ነፍሱ መለስ አለች። ሊያደርግ የመጣውን ነው የታዘዘው። እሱም ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ወደ ዶሮዋ ዞረ። «አንቺ ዶሮ፣ ስህተት ነው በያቸው። እንጨት አንሶበት ነው፣ ክፋት የለውም በያቸው። በግማሽ ሰዓት ይጠፋል» አለ። አዴ ዘርፈሽ ለዶሮዋ ራሳቸውን ነቀነቁላትና ገቡ።

ሠርፀ የቲዋን እግር ሊደፍን ጣቱን ብናኙ ውስጥ ነከረ። በዚህ ጊዜ ኦቦ ዱጋ ነጭ ሸሚዝ በክራቫት ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ወጡ። እሳቸውም አዩት። እሳቸውም ሥርዓት አዋቂ ናቸው። ወዲያው ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። «አባት ሆይ» አሉ በለዘበ ድምፅ፣ «በደጄ ላይ አንድ አናጺ እንዳለ አንተ ታያለህ፤ እኔ ስለ ልማዱ አላየሁትም። አርባ ዓመት በገበያ ቆሜ ቃልህን ተናገርሁ። ማን ቆሞ ሰማኝ? በግ የሚነዳ ያልፋል፣ ሽንኩርት የተሸከመ ያልፋል። አንዴ አንዱ ቆመ ብዬ ደስ ሲለኝ ጫማውን ሊያስር ነበር። ዛሬ ግን በገዛ እግራቸው መጥተው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ ሶፋዬ ላይ ይቀመጣሉ። በአራት ቀን አሥራ ስምንት ሰው። ሁለቱ ነገ ለአምልኮ እንመጣለን ብለዋል። ጌታ ሆይ፣ የዚህን አናጺ እጅ ያዝ። ያቺን ጽሑፍ አንዲት ነጥብ እንዳይነካብኝ። ከነካት ልጄን አልሰጥም። አሜን።» ዓይናቸውን ገልጠው፣ ሠርፀን በግራ ትከሻው በኩል አሻግረው መንገዱን አዩና ተመልሰው ገቡ።

ሠርፀ ጣቱ ላይ ብናኝ እንደያዘ ድንጋዩ ላይ ቀረ። ቲ ከጠፋች አባትየው እንቢ ይላሉ። ካልጠፋች እናትየው እንቢ ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ፊደል ይጨመርልኝ ብሎ ተከራክሮታል፣ ይቀነስልኝ ብሎ ተከራክሮታል፤ በአንድ ፊደል ላይ ልጁን የሚያስይዝ ቀን ግን አልገጠመውም ነበር። ግማሿን ብደፍናትስ ብሎ አሰበ። ግማሽ ቲ አይ ትሆናለች፤ እሷም ሌላ ጣጣ ይዛ ትመጣ ይሆናል። ኮላው ጣቱ ላይ ደረቀ። እንደዚያ ሆኖ ሳለ ከመንገዱ ራስ ጆቴና ሁለት ጓደኞቹ፣ ጋቢ ደርበው፣ ዘንግ ይዘው ብቅ አሉ። ጆቴ የሩቁን ያያል። ገና ከሃምሳ እርምጃ ላይ ታፔላውን አነበበ፣ ቆመ፣ ዓይኑን አሸ፣ ደግሞ አነበበ። አጠገቡ ሲደርስ ነጠላው ሥር ያለውን ፊት ጠጋ ብሎ ሊያየው ሞከረ፤ ለቅርቡ ስለማይሆንለት በድምፁ ነው የለየው። «አትናገር» አለው ሠርፀ። «አልተናገርሁም» አለ ጆቴ፤ «በዚህ ታፔላ ልታስገድለኝ ነው እንዴ?» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና ገባ።

በመጀመሪያ ከቆርቆሮው ጀርባ የሚሰማው የዘንግ ኳኳታ ብቻ ነበር። ኦቦ ዱጋ «ተቀመጡ» አሉ። ጆቴ እንደ ደንቡ «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ። ይህን የሰማው የኡኬው ሰውዬ ወንበር ያነሰ መስሎት ነው መሰል፣ ወተቱን እንደያዘ ከሶፋው ተነስቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተሰለፈ። ኦቦ ዱጋ አራት ሽማግሌ ቆጠሩ፤ «የመጣችሁበት ምንድን ነው?» ብለው ዓይናቸው ያረፈው ዳር ላይ በቆመው ላይ ነው። «እኔ እንኳ ለቢራ ነበር» አለ የኡኬው ሰውዬ፤ «ወተቱም አይከፋም።» እዚህ ላይ የአዴ ዘርፈሽ ትዕግሥት አለቀ። ማሰሮውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ሠርፀ ከውጭ ሰማው። «ይኸው! ሽማግሌ በቆመበት እንኳ! አንተ ነህ ያለመድካቸው» አሉ ባላቸውን። ኦቦ ዱጋ «ነፍሳት ናቸው» አሉ። አዴ ዘርፈሽ «ነፍስ ወተት አይጠጣም» አሉ። ጆቴ ሊያስማማ ጣልቃ ገባ። አንደኛው ሽማግሌ ከባልየው ጋር፣ ሌላው ከሚስትየው ጋር ሆነ። ልጅ ሊጠይቁ የመጡት ሰዎች ባልና ሚስት ወደ ማስታረቅ ዞሩ፤ ማንም ስለ ኬኔ አላነሳም። ሠርፀ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፎ አርባ ደቂቃ ያህል የሰማው ስለ ላም፣ ስለ ሶፋ፣ ስለ ሐዋርያት ሥራና ስለ ፉርሽካ ዋጋ ነው።

ነገሩን የፈታው የኡኬው ሰውዬ ነው። ብርጭቆውን ጨልጦ አስቀመጠና፣ «ለኔስ ሻይም ይበቃኝ ነበር» አለ። አዴ ዘርፈሽ ቀስ ብለው «ስኳሩስ?» አሉ። ጆቴ ሥጋ ሻጭ ነው፤ የሚዛኑ ጫፍ ወዴት እንዳዘነበለ ወዲያው አወቀ። «ያለ ስኳር» አለ። «ቢራ ሊጠጣ የመጣ ሰው ያለ ስኳር ይጠጣ፤ ቅጣቱም ንስሐውም ይኸው ነው። ታፔላው ይቆያል፣ ወተቱ ይቆማል።» ኦቦ ዱጋ «አሜን» አሉ። አዴ ዘርፈሽም «ሶፋውን ግን እሱ ይጠብ» ብለው አሜን አሉ። ሁሉም ተመራረቁ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አደላደሉ፣ ዘንጋቸውን አነሱ፣ ሰላም ዋሉ ተባብለው ሊወጡ በሩ ላይ ደረሱ። ሠርፀ ቆርቆሮውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ። ጆቴ በሩን ይዞ ቆመ። «ውይ» አለ። «ልጅቷን ረሳናት።»

ተመልሰው ገቡ፤ በዚህ ጊዜ የሳሎኑ በር ከውስጥ ተዘጋ። ሠርፀ ጆሮውን ቢለጥፍ ምንም አይሰማም። አንድ ጊዜ የአዴ ዘርፈሽን ድምፅ የሰማ መሰለው፤ ላሟ ነበረች። ጣቱ ላይ ያለው ኮላ ድንጋይ ሆኗል። ፈራ። እንደዚህ የፈራው ሚስቱ በኃይሉን ልትወልድ ምጥ ላይ ሳለች በር ላይ ቆሞ ብቻ ነው። ሁለት መንገደኞች መጥተው «ክፍት ነው?» አሉት፤ ወደ ላይ ወደ ታች አያቸው፣ ሄዱ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ጆቴ መልሱን ለላኪው ቤቱ ድረስ ሄዶ ካልሆነ መንገድ ላይ አይነግርም፤ ደንብ ነው። ፊቱን እንደተዘጋ በር አድርጎ ሠርፀን አልፎት ሄደ። የኡኬው ሰውዬ ከኋላ ሙዝ እየላጠ ወጣ። እሱም ምንም አላለም፤ እሱ ግን ደንብ ይዞት ሳይሆን አፉ ሞልቶ ነው።

ቀጥሎ ኦቦ ዱጋ ወጡ። አሁን አልጸለዩም፣ ወደ መንገዱም አላዩም። መነጽራቸውን አስተካክለው ድንጋዩ ላይ የቆመውን ሰው ፊት ለፊት አዩት። «አናጺ» አሉ፤ «አንድ ታፔላ ላሠራ ነው።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ሠርፀ ከድንጋዩ እየወረደ።

«በቁቤ ነው። መነ ሶዳ በልበት።»

ሠርፀ ደነገጠ። ሶዳ በኦሮምኛ ዳ ሲላላ ፍርሃት ነው፤ ሲጠብቅ አማች ነው። ሰውየው ቃሏን ያወጧት ክራቫታቸውን እያላሉ፣ በሳልና በጉሮሮ መጥረግ መካከል ነው፤ ትላላ ትጥበቅ መለየት አልተቻለም። የፍርሃት ቤት ብለው የማን ደጅ ላይ ሊሰቅሉ ነው? በግዕዙ ፊደል ቢሆን ሁለቱም በአንድ ዓይነት ይጻፋሉ፣ ሠርፀም ሳይጠይቅ ጽፎ ይገላገል ነበር። ሠላሳ ዓመት የተመካበት ፊደል በዚህች ሰዓት ምንም አልረዳው አለ። በመጨረሻ «በማን በር ላይ ነው የሚሰቀለው?» አለ።

«በአንተ በር ላይ።»

መልሱ የገባው መሰለው፤ ነጠላውን ከፊቱ ገለጠ። ያም ሆኖ የእጁ ሥራ ነውና በቀጥታ ሊጠይቅ ግድ ነው፤ ሳይጠይቁ መጻፍ የሚያመጣውን ዛሬ ከማንም በላይ ያውቃል። «ኦቦ ዱጋ» አለ፤ «ዳን ላላላት? ወይስ ላጥብቃት?»

ኦቦ ዱጋ እጃቸውን ዘርግተው፣ ብናኝ የደረቀበትን ጣቱን ከነኮላው ጨበጡት።

«ትጥበቅ» አሉ። «ሁለት ዲ አድርግበት። እንጨት ደግሞ እንዳትቆጥብ።»